የአፈሙዝ ልክ

በሽለላና በቀረርቶ ስሙ የማይጠፋው ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ ቁመቱ 130 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ አፈሙዙ ብቻ 82 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ሳንጃው ሲሰካበት ጠቅላላው ከ180 ሳንቲ ሜትር ስለሚያልፍ ከብዙ ሰው ቁመት ይበልጣል። ይህ ሁሉ ብረት ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከጥይቱ ብቻ ቢፈልግ አያገኘውም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ውጅግራን ሲሠሩ እግረኛ ወታደር ገና በረድፍ ቆሞ የሚተኩስበት ልማድ አልጠፋም ነበር። የኋለኛው ረድፍ አፈሙዝ ከፊተኛው ሰው ጆሮ አልፎ መውጣት አለበት። ፈረሰኛ ከመጣ ደግሞ ጠመንጃው ጦር ይሆናል፤ ጦር ሲያጥር አይረባም። ስለዚህ የዚያን ዘመን አፈሙዝ ቁመት የወሰነው ባሩዱ ብቻ አይደለም። የሰልፉ አቋምና የፈረሱ ደረትም ወስነውታል። ሰልፉ ከተበተነ፣ ፈረሱም ከጦር ሜዳ ከወጣ በኋላ ግን ርዝመቱ ለብዙ ዓመት እንደ ክብር ቀረ። አጭር ጠመንጃ የያዘ ሰው ዝቅ ተደርጎ የሚታይበት ልማድ የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

* * *

አድዋ ላይ ሁለቱም ወገን ረጅም ነበር። ከእኛ ወገን ውጅግራው 82 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ነበረው። ጣሊያኖች ጥቃቅን ጥይት የሚተኩሰው አዲሱ ካርካኖ ተሠርቶላቸው እያለ አብዛኛውን ሠራዊታቸውን ያዘመቱት አሮጌውን ቬተርሊ አስይዘው ነው። የእሱ አፈሙዝ ደግሞ 86 ሳንቲ ሜትር ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን በጠመንጃ ቁመት ማስረዳት አይቻልም። በዚያች ቀን አራት ሳንቲ ሜትር ለማንም ምንም አልጨመረም። የሰው ብዛት፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ የጠላት አምዶች ተለያይተው መገኘትና የአዝማቾቹ ውሳኔ ነበር የጨመረው። የጦር መሣሪያ ወዳጆች ስለ አድዋ ሲያወሩ መሣሪያውን ከሰዎቹ ሲያስቀድሙ ስሰማ አልስማማም።

* * *

ምላጭ ተስቦ ባሩዱ ሲቀጣጠል በአፈሙዙ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ የሚያልቀው በሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ባሩዱ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ጋዙ አረሩን ይገፋል። ግፊቱ ከፍተኛ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው አረሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እንደሄደ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እየወረደ ይሄዳል። ጋሪ የሚገፋ ሰው መንገዱ በረዘመለት ቁጥር ጋሪውን ያፈጥነዋል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ግን መንገዱ ቢቀጥልም ፍጥነቱ አይጨምርም። አፈሙዝም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲ ሜትሮች ብዙ ይሰጣሉ፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ይሰጣሉ፣ ከልክ ካለፈ ደግሞ ሰበቃው የጋዙን ጉልበት መብላት ይጀምራል። ለዒላማ ልምምድ የሚሠራበት ትንሹ ባለ .22 ጥይት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የያዘው ባሩድ ጥቂት ስለሆነ አፈሙዙ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲረዝም የሚያተርፈው ፍጥነት የለም ማለት ይቻላል።

* * *

ቁጥሩን በቅርብ ለማየት ክላሽን ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ሦስቱም የሚተኩሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው። የክላሽ አፈሙዝ 41.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አረሩ በሰከንድ 715 ሜትር ይወጣል። የኤስ ኬ ኤስ አፈሙዝ 52 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ 735። አር ፒ ኬ 59 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ አለው፤ ፍጥነቱ 745። ከክላሽ እስከ አር ፒ ኬ 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብረት ተጨምሮ የተገኘው በሰከንድ 30 ሜትር ብቻ ነው። በመቶኛ ሲሰላ አፈሙዙ በ42 ረዝሞ ፍጥነቱ በ4 ጨመረ። ለክላሽ ጥይት 41 ሳንቲ ሜትር በቂ መሆኑን የሠሩት ሰዎች ያውቁ ነበር። በአር ፒ ኬ ላይ አፈሙዙን ያስረዘሙትና ያወፈሩት ብዙ ጥይት በተከታታይ ሲተኮስበት ሙቀቱን እንዲችል፣ ማነጣጠሪያዎቹም እንዲራራቁ ብለው ነው እንጂ ለ30 ሜትር ብለው አይደለም።

«ረጅም ስለሆነ ይመታል» የሚለው አነጋገር በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

* * *

ማሳጠር ግን ሁልጊዜ እንዲህ ርካሽ አይደለም። ሶቪየቶች ለታንከኛና ለአውሮፕላን አብራሪ ብለው ኤ ኬ 74ን ሲያሳጥሩት አፈሙዙን ከ41.5 ወደ 20.6 ሳንቲ ሜትር አወረዱት። የአረሩ ፍጥነት በሰከንድ ከ900 ሜትር ወደ 735 ወደቀ። ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚሄድ የጠፋው አንድ ሦስተኛ ነው። ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። አረሩ በአየር ላይ ሳይገለባበጥ እንዲሄድ የሚያሽከረክሩት በአፈሙዙ ውስጥ የተቆረጡት ጠመዝማዛ ቦዮች ናቸው። አረሩ ሲዘገይ ሽክርክሪቱም ስለሚቀንስ የቦዩን ጥምዝ ማጥበቅ ግድ ሆነ። መሣሪያውን መልሶ የሚያጎርሰው ጋዝም አረሩ ከወጣ በኋላ ቶሎ ያመልጣል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ጋዙን ለቅጽበት የሚይዝ ወፍራም ቆብ ተደረገበት፤ ያ ቆብ ነበልባሉንም በመጠኑ ይቀንሳል። አንድ ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ ሌላ ሁለት ቦታ መጠገን ነበረበት። ይህን ሥራ የሠሩት መሐንዲሶች ሒሳቡን ያውቁት ነበር። በየመንደሩ በመጋዝ የሚቆርጠው ሰው ግን አያውቀውም።

* * *

ረጅም አፈሙዝ በተፈጥሮው ትክክለኛ ነው የሚለው እምነት በአደን ወዳጆችም በአሮጌ ወታደሮችም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። እውነቱ በከፊል ተቃራኒው ነው። አፈሙዝ ሲተኮስበት ይርገበገባል። ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ በጫፉ ላይ የሚያርፍ አንድ ዓይነት ኃይል ስምንት እጥፍ ያጎብጠዋል። ስለዚህ አጭርና ወፍራም አፈሙዝ በተፈጥሮው የጸና ነው። ከረጅሙ ጋር እኩል ወይም የተሻለ ሊመታም ይችላል።

ታዲያ አያቶቻችን በረጅሙ የተሻለ እንደሚመቱ ያዩት ከንቱ ነበር? አልነበረም። ምስጢሩ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። በክላሽ ላይ ይህ ርቀት 37.8 ሳንቲ ሜትር ነው። የፊተኛው ጫፍ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢዛባ 100 ሜትር ላይ ጥይቱ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል፤ ያ ከሰው ደረት ወደ ክንድ መውጣት ነው። በአጭሩ የታንከኛ መሣሪያ ላይ ርቀቱ 23.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ያችው ሚሊ ሜትር 42 ሳንቲ ሜትር ታስታለች። በአር ፒ ኬ ላይ የምታስተው 18 ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው በተኳሹ ዓይን ላይ ነው፤ ጥይቱ አይለይም። ዛሬ መነጽር የተገጠመለት መሣሪያ የሚይዝ ሰው ይህን ጥቅም ከአፈሙዝ ርዝመት አይጠብቅም፤ በባዶ ዓይን የሚያነጣጥር ግን አሁንም ያስፈልገዋል።

* * *

ካርካኖ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የመጣው ወራሪ የያዘው፣ በአርበኞች ምርኮ ወደ እኛ እጅ የገባው፣ እስከ ቅርብ ጊዜ በገጠር የሚታየው ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከተሠራ በኋላ ሁለት ዓይነት ሆነ። የእግረኛው አፈሙዝ 78 ሳንቲ ሜትር፣ የፈረሰኛው 45። በሁለቱ መካከል የ33 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሲኖር የፍጥነቱ ልዩነት በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ ነው። ፈረስ ላይ ሆኖ 130 ሳንቲ ሜትር ብረት በጀርባው የተሸከመ ሰው ያንን 40 ሜትር ደስ ብሎት ይሰጥ ነበር።

ካርካኖ ሌላ የተለየ ነገር ነበረው። የቦዩ ጥምዝ ከኋላ ላላ ብሎ ይጀምርና ወደ ጫፉ ሲሄድ እየጠበቀ ይመጣል። አረሩ በለስላሳ ጀምሮ እየተሽከረከረ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖች ብዙ ረጅም ጠመንጃ ተርፏቸው ነበርና እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ቆርጠው አጭር አደረጉት። መቼም ሲቆረጥ ከፊት ነው የሚቆረጠው። የተጣለው ጫፍ ግን ጥምዙ ከሁሉ የጠበቀበት፣ አረሩን በደንብ የሚያሽከረክረው ክፍል ነበር። የቀረው የላላው ነው። ቁጠባ ብለው የጀመሩት ሥራ የጠመንጃውን ዋና ብልሃት ቆርጦ ጣለ። በጦር መሣሪያ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ግልጽ ስሕተት በመንግሥት ደረጃ ሲፈጸም ብዙ አላየሁም።

በሊቢያና በኢትዮጵያ ከተዋጉ በኋላም ጥይታቸው ደካማ ነው የሚል ቅሬታ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1938 ትልቅ ጥይት የሚተኩስ፣ አፈሙዙ 54 ሳንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ሞዴል አወጡ። ማነጣጠሪያው ከፍና ዝቅ የማይል፣ በአንድ ርቀት ላይ የቆመ ነበር። እስከ ሁለት ሺህ ሜትር የተቆጠረው የድሮ ማነጣጠሪያ ማንም ወታደር በዚያ ርቀት ሰው እንደማይመታ ከታወቀ በኋላ የቀረ ጌጥ ነበርና መወገዱ ትክክል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የገጠማቸው ጦርነት የጠመንጃቸውን ልክ አስለወጣቸው ማለት ይቻላል።

* * *

የእግረኛና የፈረሰኛ ጠመንጃ ተለያይቶ መሠራቱ የቀረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1903 ሞዴላቸው 61፣ እንግሊዞች 64 ሳንቲ ሜትር መርጠው ለሁሉም ወታደር አንድ ዓይነት ሰጡ። ጀርመኖች ዘገዩ፤ የ74 ሳንቲ ሜትሩን ማውዘር ወደ 60 ያወረዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የቤልጅግ መኮንኖች በ1922 ዓ.ም. ክብር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ ሲመጡ የታወቀው በልጅግም 59 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለው አጭር ማውዘር ነበር። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ጦር ከመነሻው በአጭሩ መጀመሩ በጎ ዕድል ነው።

* * *

ርዝመትን ከጥይቱ ነጥሎ መናገር ትርጉም የለውም። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካኖች ከተቀበላቸው መሣሪያዎች መካከል ኤም 1 ጋራንድና ኤም 1 ካርባይን ነበሩ። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ዝምድና የላቸውም። የጋራንድ አፈሙዝ 61፣ የካርባይኑ 45.7 ሳንቲ ሜትር ነው። የጋራንድ ጥይት ጉልበት ግን ከካርባይኑ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ይህን ልዩነት ያመጣው 15 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን በቀለህ ውስጥ ያለው ባሩድና የአረሩ ክብደት ነው። በምትኩ ካርባይኑ 2.4 ኪሎ፣ ጋራንዱ 4.3 ኪሎ ይመዝናል። በኮሪያ ተራራና በረዶ ላይ ሁለት ኪሎ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የወጣው ሰው ነው።

* * *

ስለ አያያዝ ስናወራ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ብቻ አይበቃም፤ የት እንዳረፈም ማየት ያስፈልጋል። አፈሙዝ ሲረዝም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ለቆመ፣ ጊዜ ላለው፣ ሩቅ ለሚያነጣጥር ተኳሽ ይህ ይጠቅማል፤ ጫፉ አይንቀጠቀጥም፣ ርግጫውም ይለዝባል። ዱር ውስጥ ለሚዞር፣ ከመኪና ለሚወርድ፣ በር ለሚገባ ሰው ግን ያው ክብደት ጠላት ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ሰውየው ሳይሆን አፈሙዙ ነው፤ በበሩ ጥግ ብቅ ብሎ ይናገርበታል። የደጋ ሰው ጠመንጃውን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት ሲሄድ ረጅሙ ምቹ ነው። ያው ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ መሣሪያው ከቅርንጫፍ ሁሉ ጋር ይጣላል። አንድ ሰው፣ አንድ ጠመንጃ፣ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ፍርድ።

* * *

ስለ አጭር አፈሙዝ ሲወራ የሚረሳው ጆሮ ነው። አረሩ ሲወጣ የጋዙ ግፊት ገና ከፍተኛ ስለሆነ ድምፁ ይበረታል፤ ያልተቃጠለው ባሩድም ውጭ ይነድዳል። በሌሊት የተኳሹን ዓይን ያሳውራል፣ ቦታውንም ያሳያል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው። በሠርግና በለቅሶ በግቢ ውስጥ፣ ሕፃናት አጠገብ የሚተኮሰው አጭር መሣሪያ የስንቱን ጆሮ እንደወሰደ የሚቆጥርልን የለም። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት እንደሚወርድም ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን እንደማያውቅ ይተኩሳል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል፤ ለእሱ የሚቀርብ የባህል መከራከሪያ አልቀበልም።

* * *

አፈሙዙን ሳያሳጥሩ መሣሪያውን የማሳጠር ዘዴ አለ። ካዝናውንና ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል ወደ ኋላ፣ ወደ ሰደፉ ውስጥ ማስገባት ነው። እስራኤል የሠራችው ታቮር 46 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ይዞ ጠቅላላ ቁመቱ 72 ሳንቲ ሜትር ነው። ኤም 16 በ51 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። በእስራኤል ሠራዊት ያገለገሉ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ሁለቱንም ያውቋቸዋል። ዘዴው ዋጋ አለው፤ ቀለሁ ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ስለሚወጣ ለግራኝ አይመችም፣ ካዝና መለወጡም ለጀማሪ ከባድ ነው። ሆኖም ርዝመትን የሚመለከተውን ችግር በሐቀኝነት የፈታው ይህ መንገድ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

* * *

ሽጉጥን በአጭሩ። ማካሮቭ 9.3፣ ስቴችኪን 14 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ አላቸው፤ ጥይታቸው አንድ ነው፣ ፍጥነታቸው 315ና 340። ሽጉጥ የሚያዘው እንዲደበቅና እንዲቀርብ ነው፤ ከእሱ ሩቅ የሚጠብቅ ሰው ጠመንጃ ይያዝ።

* * *

የመድፍ ሰዎች ርዝመትን የሚናገሩት በአፉ ስፋት እየቆጠሩ ነው። ጦራችን የሚያውቀው ኤም 46 አፉ 130 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ የዚያን 55 እጥፍ ነው፤ ከሰባት ሜትር ያልፋል፣ 27 ኪሎ ሜትርም ይወረውራል። ዲ 30 ደግሞ የአፉን 38 እጥፍ ነው፣ የሚደርሰውም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚሁ መለኪያ ክላሽን ብንለካው 54 እጥፍ ይሆናል። በትከሻ የሚንጠለጠለውና በመኪና የሚጎተተው በምጣኔ እኩል ናቸው። ውጅግራ 75 ይሆናል፤ ማካሮቭ 10።

አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የዚህ ተቃራኒ ጫፍ ነው። አጭርና ሰፊ፣ ከባድ አረር ወደ ላይ ወርውሮ በግንብ ማዶ እንዲጥል የታሰበ። መቅደላ ላይ የተጋጠማቸው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናይደር ግን 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ አፈሙዝ ያለው፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ልዩነቱን የፈጠረው የአፈሙዙ ቁመት ሳይሆን በደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ መጉረሱ ነው።

* * *

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖች ይህ የሕግ ጉዳይም ነው። እ.ኤ.አ. የ1934ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ መጀመሪያ ሲረቀቅ ሽጉጥን ለመቆጣጠር ነበር። ረጅም ጠመንጃ እየተቆረጠ ሽጉጥ እንዳይሆን የአፈሙዝ ወሰን ገባበት። ሽጉጥ ከረቂቁ ወጣ፤ ወሰኑ ግን ቀረ። ዛሬ የጠመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40.6 ሳንቲ ሜትር፣ የእርሳስ ፍንጣሪ የሚተኩሰው ደግሞ ከ18 ኢንች ካነሰ አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው። ሳይመዘግቡ መቁረጥ እስከ አሥር ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ነው። ለአደን ጠመንጃ የምትገዙ ሰዎች ሜትር ይዛችሁ ለኩ፤ የሻጭን ቃል ብቻ አትመኑ።

* * *

ጫፉ የአፈሙዝ ሁሉ ዳኛ ነው። አረሩ ብረቱን ለቆ የሚሄድበት ጠርዝ በአንድ ወገን ከተበላ፣ ጋዙ በዚያ ቀድሞ ይወጣና አረሩን ያዘነብለዋል። ከፊት በኩል በዘንግ የሚወለወሉ መሣሪያዎች ላይ ዘንጉ ራሱ ጠርዙን ይሞርደዋል። አቧራ እንዳይገባ ብለው ጫፉን በጨርቅ የሚወትፉ አሉ። ረስቶ የተኮሰበት ሰው አፈሙዙን ያሳብጠዋል፣ ወይም ያፈነዳዋል። ዝናብና ጭቃም ያንኑ ያደርጋሉ።

* * *

ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ካርካኖዎች፣ ማውዘሮችና ውጅግራዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከእነሱ አንዳንዶቹ በአገር ቤት ብረት ሠሪ እጅ የተቆረጡ፣ ሰደፋቸው የተጠገነ፣ በናስ ያጌጡ ናቸው። እዚያ የሚገዛቸው ሰው ቁጥራቸውን ያነባል፣ የፋብሪካ ምልክታቸውን ይፈልጋል፣ ታሪካቸውን ይጽፋል። እኛ ቤት ያለው ግን ከግድግዳ ላይ ወርዶ ተቆርጦ ይሸጣል፤ አያቱ ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ ልጅም የለም።

የወረሳችሁት ጠመንጃ ካለ አትቁረጡት። መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ምን እንደሚችል ሳታስመረምሩ አትተኩሱበት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት አስመዝግቡት። አፈሙዙን ለኩ፣ የተቀረጸበትን ቁጥርና ምልክት ጻፉ፣ ማን ከማን እንደተቀበለው አባቶችን ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ከአገር ሳይወጣ በፊት ፎቶውን ከነታሪኩ ለአካባቢያችሁ ሙዚየም ስጡ።